አረንጓዴው የጠፋ ሰሞን

ባለፈው ሳምንት የተለያየነው እኔ የሰው ቤት በር ድርግም አድርጌ ስወጣ ነው። ያላነበበ ካለ በአጭሩ ልንገረው፤ ማስረዘም አልወድም።

የሥጋ ሻጭ ልጅ ነኝ። በአንድ የምርምር ተቋም ውስጥ አንጀት አጠናለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወንድ አለ፤ ባልደረቦቻችን «እንቁላል» ነው የሚሉት። ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄደውን እንቁላል ማለታቸው ነው። ከእሱ የዘገየ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። ጠብታ ሲያንጠባጥብ እያንዳንዷን በር ድረስ የሚሸኛት ይመስላል። ጥያቄ ጠይቃችሁት መልሱ እስኪመጣ ሻይ ጠጥታችሁ መመለስ ትችላላችሁ። እኔን ደግሞ አባቴ «ችኩሊት» ይለኛል። እንዴት ተዋደዳችሁ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄ መልስ ያላገኘሁለት ጥናት ነው።

እናቱ ስመ ጥር የሆድ ዕቃ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እሁድ ምሳ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ረጅም፣ መስኮቱ ሰፊ፣ ሹካው ከባድ ነበር። ገና መብላት ስንጀምር፣ «አባትሽ ምን ይሠራሉ?» አሉኝ።

«ሥጋ ቤት አላቸው።»

«አሃ!» ሹካቸውን ወደ እኔ ቀሰሩት። «እንግዲያው የአንጀት ነገር የቤት ሙያ ነው በይኛ። ልጄስ ከእኔ ወርሶት ነው። አንቺ ግን ከማጠብ ወደ ማጥናት መሸጋገሩ አልከበደሽም?»

እሱን ነው ያየሁት። የሚመልስልኝ ሰው ከጎኔ አለ ብዬ ነበር የመጣሁት። እሱ ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ያላምጣል። ጠበቅሁ፤ ያውም እኔ። አሁንም ያላምጣል። ስለ ምሳው አመስግኜ ተነሣሁ፤ በሩንም እንዳልኳችሁ አድርጌ ዘጋሁት።

መንገድ ላይ አላለቀስኩም። የእናቱ ነገር ያን ያህል አልነበረም፤ እሳቸው ቢያንስ ያሰቡትን ተናግረዋል። ደረቴ ውስጥ እንደ ድንጋይ የተቀመጠው የእሱ ዝምታ ነበር።

*

ሥራችንን ሳልነግራችሁ ቀሪው አይገባችሁም፤ ስለዚህ ጥቂት ታገሡኝ።

የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል፣ ይላጣል፣ በአዲስ ይተካል። አዲሱን የሚያወጡት በዓይን በማይታዩ ትንንሽ ጉድጓዶች ወለል ላይ የተቀመጡ ጥቂት ሴሎች ናቸው። ግንድ ሴል ይባላሉ፤ ሌላው ሁሉ ከእነሱ የሚወጣ ቅርንጫፍ ነው። ችግሩ ከጎረቤቶቻቸው መሀል ለይቶ ማውጣት አለመቻሉ ነበር። በኋላ ገላቸው ላይ አንድ ተቀባይ ፕሮቲን ተገኘ። ተቀባይ ሲባል የሴሉ ጆሮ በሉት፤ ከውጭ የሚላክለትን መልእክት የሚሰማበት። ስሙ የፊደልና የቁጥር ክምር ስለሆነ እኛ መጨረሻው ላይ ባለችው ቁጥር «አምስቴ» እንለዋለን። አምስቴን የለበሰ ሴል ካያችሁ ግንዱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ይህ ተቀባይ መጀመሪያ ሲታወቅ ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለውን በሙያችን «የሙት ልጅ» ይሉታል፤ ጆሮ አለው፣ የሚያናግረው የለም። «እደግ» የሚለው አናጋሪው የተገኘው ብዙ ቆይቶ ነው። ይህን ታሪክ መጀመሪያ የነገረኝ እንቁላል ነው። ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። ያውም እኔ በየመሀሉ እያቋረጥኩ እየጨረስኩለት።

የእኛ አይጦች አምስቴ ያለበት ሴል ሁሉ አረንጓዴ እንዲያበራ ተደርገው የተዳቀሉ ናቸው። ከአንጀታቸው ቆንጥረን፣ ሲቀዘቅዝ የሚፈስ ሲሞቅ የሚረጋ ጄል ውስጥ በሳህን እናሳድገዋለን። ሲሳካ ትንንሽ አንጀት ይሆናል። ቤት ውስጥ የተረሳ ድንች እንደሚያጎነቁለው ቡቃያ ያወጣል፤ በየቡቃያው ጫፍ አረንጓዴ ብርሃን ይታያል።

የእኔ ጥያቄ ይህ ነበር፦ ሆዳቸው ላይ የጨረር ሕክምና የሚወስዱ የካንሰር ሕሙማን አንጀታቸው ይጎዳል፤ ግንዱ በጨረር ከተቃጠለ አንጀቱ ከየት ይመለሳል? ሳህኖቼን ለጨረር ሰጠኋቸው። ከዚያ በየቀኑ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ አያለሁ። አረንጓዴው ደከመ፣ ሳሳ፣ ከእሁዱ ምሳ ማግስት ጭራሹን ጠፋ።

«ሞተዋል» አልኩ። ሳህኖቹን ከነክዳናቸው ይዤ የሚቃጠል ቆሻሻ ወደሚጠራቀምበት ባልዲ ሄድኩ።

እንቁላል ከኋላዬ መጣ። «ትንሽ… ብንቆይ» አለ።

«ምን እስኪሆን?»

መልሱን ሊያዘጋጅ አፉን ከፈተ።

«ስትቆይ አይቼሃለሁ» አልኩት። «እሁድ ዕለት። በጣም ጎበዝ ነህ።»

ሳህኖቹን ባልዲው ውስጥ ከትቼ ወጣሁ። ምን ሊል እንደነበር አልሰማሁም፤ መስማትም አልፈለግኩም።

ሰው ከፍቅረኛው ጋር ሲኳረፍ መንገድ ይለውጣል። እኛ ያለን ማቀዝቀዣ አንድ ነው። እኔ ስከፍት እሱ ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፤ እሱ ሲከፍት እኔ ተመልሼ እሄዳለሁ። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሊያርፍ ሲል ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን አነባለሁ፤ እኔ ቀና ስል እሱ ጓንቱን ያያል። አንድ ጊዜ ብቻ እኩል ተያየን። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ማቀዝቀዣውን ዘግቼ ሄድኩ።

ከዚያ ወሬው መጣ። ያመጣችው የዕቃ ማጠቢያ ክፍላችን ኃላፊ ነች፤ ሁላችንም «እትዬ» እንላታለን። የተቋሙን ብልቃጥም የተቋሙን ሰውም አገላብጣ የምታይ ሴት ነች።

«እንቁላል ሊፈለፈል ነው» አለችኝ።

«ምን ማለት ነው?»

«ሊበር ነዋ! እናቱ ባሕር ማዶ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ አግኝተውለታል። እስከ ዓርብ እሺ ወይ እንቢ በል ተብሏል።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እሱ መቼ ምን ብሎ ያውቃል?»

«ይሂድ» አልኩ። «መልካም መንገድ።»

«ከልብሽ ነው?»

«ከልቤ ነው።»

እትዬ የያዘችውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንሥታ አየችው። «ይሄም ንጹሕ ይመስላል» አለች። «እድፉ የሚታየው ሲደርቅ ነው።»

ወደ ቦታዬ ተመልሼ አንዱ ጠርሙስ ላይ ቀኑን ሁለት ጊዜ ጻፍኩ። ረሃብ ነው አልኩ። በልቼ ነበር።

*

ዓርብ ዕለት ሥራ አልገባሁም። ሲሰናበት ማየት አልፈለግኩም። ፈቃድ ጠይቄ አባቴ ሱቅ ሄድኩና ሽርጥ ታጥቄ ሥጋ ከአጥንት መለየት ጀመርኩ።

«ቀስ በይ፣ ችኩሊት» አለ አባቴ። «በጉ ከሞተ ቆይቷል፤ አያመልጥሽም።»

«ደኅና ነኝ።»

«ደኅና መሆንሽንማ ቢላዋው እየነገረኝ ነው። ጣትሽን አብረሽ እንዳትመዝኚ፤ ደንበኛ ያማርራል።»

ከቀትር በኋላ ሱቁ ጭር ሲል አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆሙ። የሚያብረቀርቅ ጫማቸው ታጥቦ ያልደረቀውን ወለል እንዳይነካ እየመረጡ ረግጠው ገቡ። እሳቸው ነበሩ። ቢላዋዬ ባለበት ቆመ።

አባቴ አላወቃቸውም። «ምን ልቁረጥልዎ፣ እመቤት?»

«ልጅዎን ፈልጌ ነው።»

«እሷ በኪሎ አትሸጥም።»

«እሁድ ምሳ ጠርቻት የነበርኩት ነኝ።»

አባቴ እጁን በሽርጡ ጠረገ። «እንግዲያው እናመሰግናለን። ከምሳዎ ተርባ ነው የተመለሰችው።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ግን የሚሸሹ ሴት አይደሉም። ወደ እኔ ዞሩ። «ይቅርታ ልጠይቅ አልመጣሁም። እሱን ሌላ ቀን እጠይቅ ይሆናል፤ ልምዱ የለኝም። ልጄን አነጋግሪልኝ ልልሽ ነው የመጣሁት። አንቺ ዘንድ ከከረመ በኋላ የእኔን ስልክ ማንሣት ትቷል።»

«እኔ ዘንድ?»

«ታዲያ የት?»

«ቤቱ ነዋ!»

«ከእሁድ ጀምሮ ቤት የለም» አሉ። አፍጥጠው አዩኝ፤ እንደ ሐኪም፣ የት ጋ እንደሚያመኝ እንደሚፈልጉ ዓይነት። «አንቺ አታውቂም? እኔ እኮ ወሰደችብኝ ብዬ በቁጭት ስበግን ነው የከረምኩት!»

«ምኑን ነው የማላውቀው?»

«በሩን ደርግመሽ ስትወጪ አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠ። ሹካውን አስቀመጠ። ውኃ ጠጣ። አፉን ጠረገ…»

«ከዚያስ ምን አለ?»

«እየነገርኩሽ አይደል? ሰው አታስጨርሺም እንዴ?»

«ይኸው!» አለ አባቴ መክተፊያውን መታ አድርጎ። «ስንት ዓመት ሙሉ ስጮህ!»

ሐኪሟ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹እማዬ› አለኝ፤ ‹እሷ ከዚህ ቤት ወጣች። የምትመለሰው አንቺ ስትጠሪያት ነው። እስክትጠሪያት እኔም ውጭ ነኝ።› ይህን ብሎ ሻንጣውን ሊሞላ ገባ። እስኪመሽ ፈጀበት። አንድ ሸሚዝ ያጥፋል፣ ይቆማል፣ ሌላ ያጥፋል። ሐሳቡን ይለውጣል ብዬ ከክፍል ክፍል ስከተለው ዋልኩ። አልለወጠም።»

ያን ዕለት ሹካ ለማስቀመጥ የሚበቃ ጊዜ በሩ ሥር ብቆም ኖሮ ሁሉንም እሰማው ነበር።

«ልጅ ሳለ አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለአባቴ ሳይለዩ። «አይሰማም አሉኝ። እኔ፣ ሐኪሟ፣ ልጄን ታቅፌ በየሐኪሙ ደጅ ዞርኩ። ለካ ይሰማል። ሁሉንም ነው የሚሰማው። የሚዘገየው መልሱ ነው። እኔም እንዳንቺው ነኝ፤ አላስጨርሰውም።»

«ሥራውስ?»

«ካንቺ ላርቀው ብዬ ነው ያፈላለግኩለት፤ አልዋሽሽም። ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ እኮ አንቺን ትቶ አይሄድም በሚለው ተጽናንቼ ነበር። አሁን ሳይሽ ግን አንቺም ዘግተሽበታል። ሁለት ሴቶች በር የዘጉበት ሰው በየት ይወጣል? በተከፈተለት ነዋ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «ልጄ ባሕር ተሻግሮ ከሚጠፋብኝ የሥጋ ቤት ምራት ይሻለኛል።» አባቴን ቀና ብለው አዩት። «አይቀየሙኝ።»

«ምን በወጣኝ!» አለ አባቴ። «እኔም የሐኪም ዘመድ አልጠላም፤ ጉልበቴን ያመኛል።»

«እኔ የሆድ ሐኪም ነኝ።»

«ሲታሰብ ሆዴንም ያመኛል።»

ለመሳቅ ዳር ዳር አሉ። ከዚያ ዓይናቸው ገንዳው ውስጥ ታጥቦ የተገለበጠው አንጀት ላይ አረፈ። ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጣታቸውን ሰደድ አድርገው አንድ ጫፉን አነሡ። «አንድ ቦታ እንኳ አልተበሳም» አሉ። «ማን አጠበው?»

«እሷ።»

«የእኔ ተማሪዎች እንዲህ ያለ እጅ የላቸውም።»

«ልዩነታችን እሱ ነው» አለ አባቴ። «የእኔዎቹ በሽተኞች ፍርድ ቤት አይወስዱኝም።»

ይቅርታ አልነበረም። ግን እኒያ ሴት እጃቸው እየረጠበ፣ ጫማቸው ውኃ ውስጥ ቆሞ ያሉት ነው። ቢላዋዬን አስቀመጥኩ።

«አሁንም ቆማለች!» አለ አባቴ። «ዕድሜሽን ሙሉ ስትሮጪ ኖረሽ፣ መሮጥ ያለብሽ ቀን ትገተሪያለሽ?»

ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወጣሁ። መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እያሰብኩ ነበር፤ ከኋላዬ ስንት ጊዜ አፉን ከፍቶ እኔ ጀርባ ላይ ዘግቶታል?

*

የጨለማው ክፍል በኮሪደራችን መጨረሻ ነው። ከበሩ በላይ ቀይ አምፖል አለ። ቀዩ ከበራ ውስጥ ያለው ሰው ፎቶ እያነሣ ነው። ካሜራው ደካማውን የሴል ብርሃን ቀስ እያለ ይለቅማል፤ የኮሪደሩ ብርሃን ከገባበት የቀኑ ልፋት ይጠፋል። ስለዚህ ቀዩ ሲበራ አለቃም ቢሆን ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። ይህን ሕግ ጥሶ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ገምታችኋል።

ቀዩ በርቷል።

እትዬ ብልቃጥ ተሸክማ ስታልፍ ሽርጤን አየችና ደነገጠች። «ማንን አርደሽ ነው?»

«የበግ ደም ነው። እሱ አለ?»

«ከጠዋት ጀምሮ ውስጥ ነው። ስልኩ እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲንጫጫ ዋለ።»

እጄ የበሩ መያዣ ላይ ነበር። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም። መልሼ አወረድኩት።

«እኔ ነኝ» አልኩ በበሩ።

«አውቃለሁ» አለ ከውስጥ። «እርምጃሽ ያስታውቃል።»

«ክፈት።»

«አልችልም። ካሜራው ክፍት ነው።»

«ምን እያነሣህ ነው?»

ዝም አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ይህን ዝምታ እኔው በግምቴ እሞላው ነበር። ግንባሬን በሩ ላይ አስደግፌ ጠበቅሁ።

«ሳህኖችሽን» አለ።

«የትኞቹን?»

«ከባልዲው ያወጣኋቸውን።»

«አረንጓዴ አልነበራቸውም። ሞተው ነበር።»

«አረንጓዴ አልነበራቸውም» አለ። ቆየ። «ሞተው ግን አልነበረም። ምግባቸውን እየለወጥኩ፣ እዚሁ እያደርኩ ቆየሁ። ጨረሩ ግንዶቹን ገድሏቸዋል፤ እሱ ላይ ልክ ነሽ። ግን ወደ ላይ የወጡ ቅርንጫፎች ነበሩ። አምስቴን አውልቀው ሌላ ሥራ የያዙ። ጉድጓዱ ባዶ ሲሆን ከእነሱ አንዳንዶቹ ተመልሰው ወረዱ። ታች ሲደርሱ…»

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት።

«ታች ሲደርሱ ግንድ ሆኑ» አለ። «አምስቴን መልሰው ለበሱ።» ከዚያ በድንጋጤ ዓይነት፣ «አላቋረጥሽኝም!» አለ።

«አላቋረጥኩህም።»

«አሞሻል?»

«ቀጥል፣ አንተ!»

ከበሩ ወዲያ ወንበር ሲሳብ ሰማሁ። ድምፁ ቀረበኝ፤ እሱም በሩን ተደግፏል ማለት ነው። በመሀላችን የጣት ውፍረት ያለው እንጨት ብቻ ቀረ።

«እናትህ ሱቅ መጥተው ነበር» አልኩ። «ከወጣሁ በኋላ ያልከውን ነገሩኝ።»

«ሳትወጪ ልለው ነበር» አለ። «አፌ ውስጥ ሥጋ ነበር።»

«ያን ያህል?»

«ጠንካራ ሥጋ ነበር።»

«ከእኛ ቤት የተገዛ ቢሆን ቶሎ ትውጠው ነበር።»

ሳቀ። የእሱ ሳቅ እንኳ የሚጀምረው ዘግይቶ ነው። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ በሳቄ መሀል ዓይኔ ሞላ። ለሽንኩርት ካልሆነ የማላለቅስ ሴት፣ በደም ሽርጥ ኮሪደር ላይ ቆሜ እንባዬን በክርኔ ጠረግኩ።

«ለምን በኋላ አልነገርከኝም?» አልኩ። «ስንት ጊዜ ተገናኘን!»

ቀዩ አምፖል ራሴ ላይ ያንጎራጉራል። እኔ ጠበቅሁ።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሁሉ ቃሌን ከአፌ ይነጥቀኛል» አለ። «ሊል የፈለገው ይህን ነው እያሉ ያላልኩትን ይሉልኛል። እኔም መተው ለመድኩ። አንቺም ትነጥቂኛለሽ፤ ከሁሉም ይብስ። ግን አንቺ የምትነጥቂኝ ልል የነበረውን ቃል ነው። ሳልናገር የተሰማሁት ባንቺ ዘንድ ብቻ ነው። እሁድ ዕለት ግን ተሳሳትሽ። ያንቺ ስሕተት ልክ የሌለው ሆነብኝ፤ እንዴት እንደማርመው ሳስብ… ቀኑ ሄደ።»

መዳፌን በሩ ላይ፣ ድምፁ በሚመጣበት በኩል አሳረፍኩ።

«ሥራውስ?» አልኩ በመጨረሻ። «ምን አልካቸው?»

«ምንም። ካንቺ ጋር ሳልነጋገር ምን ብዬ?»

«ዛሬ እኮ ነው ቀኑ!»

«አዎ።»

«እሺ፣ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩ። ጠየቅሁና አፌን በእጄ ያዝኩት። በሌላ ጊዜ እኔው መልሼ እኔው እናደድ ነበር። ሂድ ብዬ፣ ወይም አትሂድ ብዬ ለምኜ። አሁን መልሱ የእሱ እንዲሆን ፈለግኩ፤ መጥፎም ቢሆን፣ ቢዘገይም። ከዚያ በላይ የከበደኝ ነገር ሠርቼ አላውቅም።

አንድ ሰው በኮሪደሩ አለፈ። እትዬ ከሩቅ ብልቃጥ እያጋጨች የማታይ ትመስላለች።

«እዚህ መቅረት» አለ። «ሳህኖቹን አብረን መጨረስ። አባትሽን ማነጋገር። በሱቁ በር ስንት ጊዜ አለፍኩ፤ ልግባ ስል ወረፋ አለ።»

«የሥጋ ወረፋ ነው፣ አንተ ሰው! አማች አይሰለፍም!»

ካልኩት በኋላ ነው ያልኩትን የሰማሁት።

ቀዩ ጠፋ።

በሩ ሲከፈት ፂሙ አድጎ፣ ዓይኑ በብርሃኑ እየተጨፈነ ቆሞ ነበር። ሽርጤን አየ። ዓይኔን አየ። የዚያን ጊዜ አስተያየቱን ልጽፈው ሞክሬ ሰርዣለሁ፤ ለማየት እንጂ ለመተረክ የሚሆን አልነበረም።

«እንቁላል!» አለች እትዬ ከጠረጴዛዋ ዘላ። «ስልክህ! እንደገና እነሱ ናቸው፣ የባሕር ማዶዎቹ!»

ስልኩን ተቀበለ። አሁን ያስባል፣ አሁን ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አሁን መስመሩ ይቋረጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ከወዲያ ያለው ሰው ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ እንቁላል፣ «አልመጣም፤ ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ» ብሎ ዘጋው።

እትዬ ብልቃጧን ልትጥለው ነበር። «ሰው አታስጨርስም እንዴ?» አለችው።

«ከእሷ ነው የተማርኩት» አለ።

ለእናቱ ሊደውልላቸው ይገባል አልኩት። «ወጥቼ እደውልላታለሁ» አለ። «መጀመሪያ ግን ግቢ።»

ወደ ጨለማው ክፍል ገባን። በሩን ዘጋው። ምንም አይታየኝም።

«የታለ?» አልኩ።

«ቆዪ። ዓይንሽ ይልመድ።»

ቆየሁ። መጀመሪያ የሱን ትንፋሽ ለየሁ። ከዚያ የጠረጴዛውን ጠርዝ። ከዚያ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ፤ ጥቁር ነበር፤ ልክ እንደዚያ እንደጣልኳቸው ቀን። ልናገር ስል «ትንሽ ብንቆይ» ማለቱ ትዝ አለኝና ዝም ብዬ ማየቴን ቀጠልኩ። ከጥቁሩ ውስጥ የቡቃያ ጫፍ ቀስ ብሎ ወጣ፤ ጫፉ ላይ እንደ እርጥብ ቅጠል ያለ፣ የፈዘዘ አረንጓዴ። ከጎኑ ሌላ። ከታች ሌላ። አንዳንዶቹ ገና ናቸው፤ ያለ ምልክት ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ያድጋሉ።

እጁ እጄን አገኘው። ጣቶቹ ለመዘጋት ጊዜ ወሰዱ።

ውጭ ብዙ የሚጠብቀን ነገር አለ። እናቱ አሉ፣ ሱቁ አለ፣ ወረፋው አለ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለግኩም።